ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚበዛውን አክታ ማቃለያ መንገዶች

አባቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ላይ ተደርጎላቸው ድሬዳዋ ሳቢያን ወደሚገኘው ቤታችን ሲመለሱ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የተዘጋጀው ለቁስላቸውና ለምግባቸው ነበር፤ ስለ አክታው የነገረን ሰው አልነበረም። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ወፍራም ነገር ሌሊት ሌሊት ጉሮሯቸውን ይይዘው ጀመር፤ ሲውጡት አይወርድም፣ ሲተፉት አይቆረጥም። እኛም ጉንፋን መስሎን ከአንድ ፋርማሲ የአለርጂ መድኃኒት ገዝተን ሰጠናቸው። መድኃኒቱ አፋቸውን አደረቀው፣ አክታውንም እንደ ሙጫ አደረገው፤ ያን ሌሊት ቁጭ ብለን አነጋን። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ሌላ ቤተሰብ ከዚያ ስህተት እንዲድን ነው፤ አክታውን ለማድረቅ መሞከር ብዙ ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል፤ የሚሻለው አክታውን ማቅጠንና ወደ ጉሮሮ የሚመለሰውን የጨጓራ ይዘት መግታት ነው።

በዚህ ቀዶ ጥገና የታመመው የምግብ ቧንቧ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ በአብዛኛው ጨጓራው በቱቦ መልክ ተሠርቶ ወደ ላይ ይሳብና ደረት ውስጥ ወይም አንገት ላይ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይሰፋል። የጨጓራ ይዘት ወደ ላይ እንዳይመለስ ይዘጋ የነበረው የጡንቻ በር አብሮ ይወገዳል፤ ጨጓራን የሚያዝዙት ነርቮችም ስለሚቆረጡ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። በዚህ ምክንያት አሲድና ሐሞት፣ አንዳንዴም የተበላው ምግብ ራሱ፣ በተለይ ሰውየው ጋደም ሲል፣ እስከ ጉሮሮ ይደርሳል። ጉሮሮም ራሱን ከቃጠሎው ለመከላከል አክታ ያመነጫል፤ የቧንቧው መቆጣት ደግሞ የምራቅ ዕጢዎችን ይቀሰቅሳል። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ሳያውቀው ይውጣል። ታማሚው ግን መዋጥ ስለከበደው ያው ምራቅ ጉሮሮው ላይ ይከማችበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ዓይነት አክታ እንደሆነ መለየት ነው። አረፋ የበዛበት ቀጭን ምራቅ አፍ ሞልቶ አልወርድ ካለና ምግብም ደረት ወይም አንገት ላይ የሚቆም ከሆነ፣ የተሰፋው ቦታ በጠባሳ ጠብቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ውሃም ሆነ ሽሮፕ አይፈታውም፣ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስፋት ይጠይቃል። ጠዋት ሲነሱ መራራ ወይም ኮምጣጣ ጣዕም ያለው፣ ድምፅን የሚያጎረንን አክታ ከሆነ ምንጩ ከጨጓራ የሚመለሰው ይዘት ነው። የጨረር ሕክምና ወይም ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው የሚያየው ክር የሚያወጣ ወፍራም አክታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍ መድረቅ ጋር ይያያዛል። ምላስና ላንቃ ላይ ነጭ ንጣፍ ታይቶ የሚያቃጥል ከሆነ የፈንገስ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚንጠባጠብም አለ፤ ድሬዳዋ ላይ አቧራና ጭስ የሚያመጡት ይኸኛው ነው።

እኛን የረዳን አንድ ተራ ደብተር ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል አክታው የመጣበትን ሰዓት፣ ቀለሙን፣ ከዚያ በፊት የተበላውንና የተጠጣውን፣ ሰውየው ተቀምጦ ይሁን ተኝቶ የነበረበትን ሁኔታ መዝግቡ። በሰባተኛው ቀን ችግሩ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ ራሱ ደብተሩ ይናገራል፤ ሐኪምም ከረጅም ወሬ ይልቅ ከእንዲህ ዓይነቱ ማስታወሻ ብዙ ያገኛል።

ስለ ሌሊቱ

ሌሊት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ከጨጓራ የተመለሰውን ነገር ወደ ሳንባው ሊስበውና በዚያ ሰበብ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ከእንግዲህ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መተኛት የለበትም፤ ቁስሉ ቢድንም የተወገደው የጡንቻ በር ተመልሶ ስለማይመጣ ይህ የዕድሜ ልክ ልማድ መሆን አለበት።

የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ለዚህም በየሰፈሩ የሚገኘው የግንባታ ብሎኬት ይበቃል፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉና ሰው ከመተኛቱ በፊት አልጋውን በእጃችሁ እየነቀነቃችሁ ፈትሹት። ትራስ ብቻ መደራረብ ግን በቂ አይደለም፤ አንገትን አጥፎ ሆድን ስለሚጨብጥ እንዲያውም የጨጓራውን ይዘት ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ትራስ ብቻ ካለ ከወገብ ጀምሮ ጀርባን በሙሉ የሚደግፍ ተዳፋት ሆኖ መደርደር አለበት። በድሬዳዋ የሙቀት ወራት ብዙ ቤተሰብ ፍራሽ አውጥቶ በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ይተኛል፤ ታማሚውም ከቤተሰቡ ጋር ውጭ ማደር ከፈለገ አልጋው ከነብሎኬቱ ይውጣለት እንጂ መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ አይተኛ።

ከመጨረሻው ምግብ እስከ መኝታ ቢያንስ 3 ሰዓት ሊኖር ይገባል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው እራቱን 12 ሰዓት ላይ ጨርሶ፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት ውሃ ብቻ ፉት ይላል። የእኛ ቤት እራት ከልጅነቴ ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነበር፤ ለአባታችን ስንል የሁላችንንም ሰዓት ወደ 12 ሰዓት አመጣነው፤ ታማሚ ብቻውን ቀድሞ እንዲበላ ሲደረግ ምግቡ ይቀንሳልና። ከመኝታ በፊት አፍን መጉመጥመጥና ጉሮሮን ማጽዳት፣ አልጋው አጠገብም ውሃ፣ ክዳን ያለው መትፊያ ኩባያና ለስላሳ ወረቀት ማስቀመጥ ሌሊቱን ያቀለዋል። በእንቅልፍ መካከል ትንታ ከያዘው ወዲያው ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ያስል፤ በዚያ ቅጽበት ውሃ አትስጡት።

አክታን ያለ ድካም ማውጣት

ጉሮሮን በኃይል ደጋግሞ መጥረግ የጉሮሮን ሽፋን ያቆጣዋል፤ የተቆጣ ጉሮሮም ተጨማሪ አክታ ያመነጫል። በዚህ ምትክ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት መንገድ አለ። ታማሚው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ቁስሉ ገና የሚያመው ከሆነ ትራስ ደረቱ ላይ ያቅፋል። በአፍንጫው በዝግታ መካከለኛ ትንፋሽ ይስባል፣ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይይዘዋል፤ ከዚያም መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፉን ከፍቶ «ሃ» እያለ ያስወጣዋል። ይህን 2 ወይም 3 ጊዜ ካደረገ በኋላ አክታው ወደ ላይ ሲመጣ አንድ ጊዜ ያስልና ይተፋል፤ ከዚያም ጥቂት በተረጋጋ ሁኔታ ይተነፍሳል፣ ካስፈለገም ይደግመዋል። ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከመኝታ በፊት ማድረጉ ይመረጣል፤ ምግብ እንደተበላ ግን ማስመለስ ሊያስከትል ስለሚችል ይቆይ።

አክታው የሚቀጥነው በውሃ ነው። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ካልከለከለ በቀር ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መጠጣት ያስፈልጋል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ላይ ደግሞ ከሐረር ደጋማ አየር የበለጠ ውሃ ስለሚያስፈልግ፣ ሐረር ዘመድ ቤት ሰንብቶ የሚወርድ ታማሚ ልዩነቱን በጉሮሮው ያውቀዋል። ነገር ግን ውሃው ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ይሁን፤ በጠባቡ ጨጓራ ውስጥ ምግብና ውሃ አብረው ከገቡ ቦታው ሞልቶ ወደ ላይ ይመለሳል።

ለመጉመጥመጫ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙታችሁ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ በፊትና በኋላ፣ እንዲጉመጠመጥበትና እንዲተፋው አድርጉ፤ አይዋጥም፣ በየቀኑም አዲስ ይዘጋጃል። ከአፍንጫ የሚንጠባጠብ ከሆነ ፋርማሲ የሚሸጠው የአፍንጫ ጨው ውሃ ይረዳል። በእንፋሎት መታጠንም ለአንዳንዶች ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መደፋት አደገኛ ነው፤ የደከመ ሰው በቀላሉ ይቃጠላል። ሙቅ ውሃ የያዘ ሰፊ ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከራቅ ብሎ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ መተንፈስ ይበቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ከሆነ ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ ይደረግ።

ስለ ምግብና መጠጥ

በቀን 6 ወይም 7 ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት፣ በደንብ ማኘክ፣ ከበሉም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም በዝግታ መራመድ ዋናው ሕግ ነው። ይህን ሕግ በቤታችን በብዛት የሚጥሰው ጉርሻ ነው። ፍቅራችንን የምንገልጽበት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የታማሚው የተሰፋ ቧንቧ የእናት እጅ የጠቀለለችውን ያህል ጉርሻ አይችልም፤ ተቀርቅሮ ከቆመ ከኋላው ምራቁ ይሞላል፣ አረፋውም ወደ አፍ ይመለሳል። ለእንግዶች ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ለታማሚውም በራሱ ሳህን አቅርቡለት። ቀጠን ያለ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የተፈጨ ሾርባ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት፣ ለስላሳ እንቁላል ይስማማሉ። ፋጢራና ሳምቡሳ ዘይታቸው ብዙ ስለሆነ ጨጓራ ላይ ይቆያሉ፤ የሚናፍቁ ከሆነ ትንሽ፣ ያውም በጠዋቱ ይሁን። በርበሬ፣ ቲማቲም የበዛበት ስጎ፣ ሎሚና ለስላሳ መጠጥ ቃርን ስለሚያነሱ መቀነስ አለባቸው።

ወተት አክታ ያበዛል የሚለው አነጋገር ብዙ ታማሚዎችን ወተት አስጥሏል። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ለጥቂት ጊዜ ወፍራም ስሜት ይሰጣል እንጂ የአክታን ምርት አይጨምርም። ክብደቱ እየቀነሰ ላለ ሰው ወተት ትልቅ ምግብ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ምክንያት ከሌለ አትከልክሉት፤ ከጠጣ በኋላ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ያስከትልበት። የግመል ወተት የለመደም ቢሆን በደንብ ከፈላ በኋላ ይጠጣ፤ ጥሬውን መጠጣት ለደከመ ሰው አይሆንም።

ሻይ፣ ቡናና ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃ ለብ ሲሉ ይጠጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉ ነገሮች መድቦታል፤ በዚህ በሽታ ያለፈ ሰው ደግሞ የቀረው ቧንቧና ስፌቱ ከሌላው ሰው ይበልጥ ስስ ነው።

ጎረቤት በቅንነት የሚያመጣውን ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ለጉንፋን የለመድናቸው ቢሆኑም የተቆጣ ጉሮሮንና በር የሌለውን ጨጓራ ያቃጥላሉ። አመስግናችሁ ተቀበሉና ለታማሚው አትስጡት።

ስለ ጫትና ስለ ጭስ

በድሬዳዋና በሐረር ስለ ጫት ሳያነሱ ስለ ጉሮሮ መጻፍ አይቻልም። ጫት አፍን ያደርቃል፣ ምራቅን ያወፍራል፣ ጨጓራ ምግብን የሚያወርድበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍንም ያሳጣል፤ ቀዶ ጥገናው ያዳከማቸውን ነገሮች ሁሉ እንደገና ያዳክማል ማለት ነው። የሚዋጠው የታኘከ ቅጠል ደግሞ በጠበበ ስፌት ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ስለዚህ ጫት ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። ከባዱ ነገር ቅጠሉን መተው ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አብረው ከሚቀመጡት ጓደኞች መለየት ነው። አባቴ ከጓደኞቻቸው አልተለዩም፤ እነርሱ ወደ በርጫ ከመግባታቸው በፊት በ10 ሰዓት ፋንታ በ5 ሰዓት እኛ ቤት እየመጡ ያጫውቷቸው ጀመር። ይህን ያደረጉት ሰዎች ለአባቴ ከመድኃኒት ያላነሰ ነገር አድርገውላቸዋል።

ሲጋራና ሺሻም ሙሉ በሙሉ መቆም አለባቸው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሚዘነጋው የቤት ጭስ ነው። ዕጣን፣ ዑንሲ የሚባለው የሚጨስ ሽቶና የከሰል ምድጃ የታማሚውን አፍንጫና ጉሮሮ ያቆጣሉ፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ዕጣኑም ታማሚው በሌለበት ክፍል ይጨስ። በባጃጅ ሲሄድ ቀለል ያለ ማስክ ማድረጉ ከአቧራው ያድነዋል።

ጸሎት፣ ጾምና ማጎንበስ

ከወገብ ማጎንበስ የጨጓራን ይዘት በቀጥታ ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል፤ ጫማ ሲያስር ወይም ዕቃ ሲያነሳ ጉልበቱን አጥፎ ይውረድ። ሙስሊም ታማሚ ሶላቱን ከምግብ በፊት ቢያደርስ ይሻለዋል፤ ከምግብ በኋላ ከሆነም ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው። ክርስቲያኑም ስግደቱን ሆዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ያድርግ ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ውሎ በማግሪብ ብዙ መብላት ለዚህ ታማሚ በሁለት በኩል ጉዳት አለው፤ ቀን አክታው ይወፍራል፣ ማታ ጨጓራው ይሞላል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳላቸው ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ አፍ ሲሰማ ልቡ ያርፋል።

ስለ መድኃኒት

ኦሜፕራዞል ከታዘዘ ብዙ ጊዜ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይወሰዳል፤ ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። አሲድን ይቀንሳል እንጂ የሚመለሰውን ሐሞት አያቆምም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ እየተወሰደ መራራው ከቀጠለ ለሐኪሙ ተናገሩ። ጨጓራን የሚያነቃቃው ሜቶክሎፕራማይድ በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ ይወሰድ። አክታ የሚያቀጥን ሽሮፕ አንዳንዱን ሰው ይረዳል፤ ሳል የሚያቆም ሽሮፕና እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ፤ የመጀመሪያው አክታውን ከውስጥ ያስቀረዋል፣ ሁለተኛው ያደርቀዋል።

ሰው ፊት መትፋት ታማሚውን ያሳፍራል፤ የሚሰሙት ሁሉ ቲቢ ነው ብለው ስለሚጠረጥሩ ከሰርግና ከለቅሶ የሚቀሩ አሉ። ቤተሰብ ምክንያቱን ለጎረቤት በግልጽ ቢያስረዳ ይህ ይቃለላል። ሆኖም ሳል ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ጤና ጣቢያ የአክታ ምርመራ ሲጠይቅ መቆጣት አይገባም፤ ቀዶ ጥገናው ቲቢን አይከለክልምና።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ የሚሸት አረንጓዴ ወይም ቢጫ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ደም ያለበት ምራቅ፣ የራስን ምራቅ እንኳ መዋጥ አለመቻል፣ ውሃ በጠጡ ቁጥር ትንታ መያዝ፣ በድንገት የተለወጠ ድምፅ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። በተለይ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚመጣ ትኩሳት ስፌቱ ማፍሰሱን ሊያመለክት ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ምግብ እየቆየ እየቆየ የሚቆምና ክብደት የሚቀንስ ከሆነም በዚያው ሳምንት ውስጥ ይታይ፤ የጠበበን ስፌት ማስፋት አንዳንዴ ተደጋግሞ ይደረጋል፣ ያ መሆኑም ሕክምናው አልተሳካም ማለት አይደለም።

ድሬዳዋ ድል ጮራም ሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትሄዱ የቀዶ ጥገናውን ማጠቃለያ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶ አንሥታችሁም በስልካችሁ አስቀምጡት። ድንገተኛ ክፍል የሚቀበሏችሁን ባለሙያዎች አስቀድማችሁ «ጨጓራቸው ወደ ደረት ተስቦ ተሰፍቷል» በሏቸው። ይህን ያላወቀ ሰው የደረት ራጁን ሲያይ ሊሳሳት ይችላል፤ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦም ስፌቱን ሊጎዳ ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ሳይማከር እንዳይገባ ጠይቁ። የቀዶ ሐኪሙን ክፍል ስልክ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጻፉት፤ ደብተሩንም አብራችሁ አስቀምጡ።